ገጽ ስድሳ ሦስት ላይ ስለተንጠለጠለችው ጣሳ

ለተከበሩ ዶክተር መክብብ
የሥርዓተ ጾታ፣ የዘርና የብሔረሰብ ጥናቶች የድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በጥቅምት ወር ቢሮዎ ደጃፍ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ ከውስጥ ሲያስሉ ሰምቼ ነበርና፣ ሳሉ ለቆዎት እንደሆነ ሳልጠይቅ ወደ ሌላ ነገር መግባት ነውር መሰለኝ። የዳሞታ ተራራ ነፋስ በዚህ ወቅት ከሌላ አገር ለመጣ ሰው ደረት አይመችም፤ አንገትዎን ይሸፍኑ። ለጸሐፊዎ ለወይዘሪት ወይንሸትና ለመምህራኑ ሁሉ ጤናና ሰላም እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴና ከሕሊናዬ በቀር ደህና ነኝ።

ማን እንደሆንኩ ለማስታወስ እንዳይቸገሩ ልንገርዎት። በክፍልዎ ዘንድ የምታወቀው «መረጃ ሰጪ ሰባት» ተብዬ ነው። ሴት፣ ስልሳ አራት ዓመት፣ ባሏ የሞተባት፣ መደበኛ ትምህርት የሌላት፣ ማንበብና መጻፍ ራሷን ያስተማረች ተብዬ ተጽፌአለሁ። ከመጨረሻው በቀር ስህተት የለበትም፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። ስሜን ለእኔው ደኅንነት ሲሉ ስለደበቁልኝ፣ እኔም በምላሹ የዩኒቨርሲቲዎን ስም በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አልጠራም። ደብዳቤውንም ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ያወጣሁት ልዳፈርዎት ብዬ ሳይሆን፣ በፖስታ የላክኋቸው ሁለቱ መንገድ ጠፍቷቸው ይሆናል በሚል ሥጋት ነው። ከእኔ ቤት እስከ እርስዎ ቢሮ በባጃጅ ዐሥር ደቂቃ ይፈጃልና ደብዳቤ ቢጠፋ አይፈረድበትም።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ከሁለት ዓመት በፊት ፍሬዘር የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ጨዋ ተማሪዎ ቤቴ መጥቶ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ጠየቀኝ። የመመረቂያ ጽሑፉ፣ አያቶቻችን ከሰሜን በወታደርነትና በሹመት መጥተው ሶዶ የቀሩ እኛ የከተማ ቤተሰቦች ከሸክላ ሠሪዎች ጋር እንዴት እንደኖርን የሚመረምር ነበር። እዚህ አገር ሸክላ ሠሪው ጪናሻ ይባላል፤ ቃሉን ሰው ፊት ለፊት የሚናገረው ለመስደብ ሲፈልግ ነው። ሸክላ ሠሪ ከገበሬ ጋር አይጋባም፣ ከሰው ቤት አይገባም፣ ሰው በጠጣበት አይጠጣም ነበር፤ ዛሬም ቀረ የሚባለው በአፍ ነው። ፍሬዘር ጽሑፉን ጨረሰ፣ እጅግ በጣም ጥሩ ተብሎ ተመረቀ፣ እኔም የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። በዚህ ዓመት ደግሞ የሸክላ ሠሪዋ የቦልቴ ልጅ ሩታ፣ አረካ ከተማ የምታስተምር መምህርት፣ በዚያው በእርስዎ ክፍል ለሁለተኛ ዲግሪ ገብታ ይህንኑ ጉዳይ ላጥና ስትል ርዕሷ ውድቅ ሆነባት። እስከ ኅዳር ሠላሳ ሌላ ርዕስ ካላመጣች ቦታዋን ታጣለች። ርዕሷ የወደቀው በእኔ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር ከፍዬ አቀርባለሁ። በክፍላችሁ ሰውም የሚጠራው በቁጥር መሆኑን ተረድቻለሁና።

አንደኛ፣ ስላመናችሁኝ አመሰግናለሁ። በዚህ ዕድሜዬ የተናገርኩትን ሁሉ ያለ ጥያቄ የተቀበለኝ ሰው አልነበረም። ባለቤቴ አድነው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበር ገበያ ደርሼ መጣሁ ስለው እንኳን ምስክር የሚፈልግ ሰው ነበር። ፍሬዘር ግን እንደዚያ አይደለም። «ማዘር፣ በእናንተ ቤት ሸክላ ሠሪዎችን የማግለል ነገር ነበር?» አለኝ። «የለም ልጄ፣ እሱ የባላገሩ ልማድ ነው፤ እኛ ከተሜዎቹ አናውቀውም» አልኩት። «ከመካከላቸው የሚያስታውሷት ሴት አለች?» ሲለኝ «ቦልቴ አለች፤ እንደ እህቴ ነበረች» አልኩት። ሁሉንም ጻፈው፤ እጁ ፈጣን ነው። ገጽ ስድሳ ሁለት ላይ «እንደ እህቴ ነበረች» የሚለው ቃሌ በጥቅስ ምልክት ተከቦ፣ በገጹ መካከል ለብቻው ገባ ብሎ ተቀምጧል። ከዚያ በታች ከሰሜን በመጡት የከተማ ቤተሰቦች ዘንድ ልማዱ አለመኖሩ «ተረጋግጧል» ይላል።

እንደ እህቴ ነበረች ያልኳት ሴት ባሏ ማን እንደሚባል አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝ አላውቅም ነበር። ስንት ልጅ እንደወለደች አልጠየቀኝም። ቤቷ ከከተማው ጫፍ መሆኑን፣ ከእኔ ቤት በእግር አንድ ሰዓት እንደማይሞላ ነግሬው ነበር፤ ሄዶ «እውነት እንደ እህት ነበራችሁ ወይ?» አላላትም። ይህን ስል ልጁን መክሰሴ አይደለም። ዋሽቼውም ቡናና በከሰል የተጠበሰ በቆሎ አቅርቤለታለሁ፤ በልቶ አመስግኖኝ ሄዷል። የዋሸሁት እኔ ነኝ። በአንድ አፍ ሁለት በደል ሠራሁ፤ የራሴን ደበቅሁ፣ የደበቅሁትን አንሥቼ የወላይታ ገበሬ ትከሻ ላይ ጫንኩት። ልማዱ ከማንም ይምጣ፣ እኛ ቤት ሲደርስ ለልማዱ ወንበር ሰጥተን ለሰው የከለከልነው እኛው ነን።

ሁለተኛ፣ ስለ ፎቶ ቁጥር አራት። ፍሬዘር ተሰናብቶኝ ሊወጣ ሲል ከአጥሩ በር ቋሚ ላይ በሚስማር የተንጠለጠለች የዛገች ጣሳ አየና «ይቺ ምንድን ናት፣ ማዘር?» አለኝ። «የዶሮ ውሃ መጠጫ ናት» አልኩት። በስልኩ አነሣት። ዛሬ ገጽ ስድሳ ሦስት ላይ በቀለም ታትማ ከሥሯ «በሴቶች የሚመራ የጓሮ ዶሮ እርባታ ባህላዊ ቁሳቁስ» የሚል ተጽፎላታል። ክፍላችሁ ለሴቶች ሥራ ዕውቅና መስጠቱን አደንቃለሁ።

ጣሳዋ የልጄ የሊድያ የወተት ዱቄት መያዣ ነበረች። ወተቱ ሲያልቅ አድነው አፏን በመዶሻ አስተካክሎ በሩ ላይ ሰቀላት። ቦልቴ ሸክላዋን በጀርባዋ ተሸክማ መጥታ ከአጥሩ ውጭ «ሳሮ፣ ሳሮ» ትላለች፤ ሰላም ማለቷ ነው። እኔ ውሃ በጆግ ይዤ እወጣለሁ። እሷ ጣሳዋን ከሚስማሩ ታወርዳለች፣ እኔ ጆጉ ጣሳዋን እንዳይነካ ከፍ አድርጌ እቀዳላታለሁ፣ ጠጥታ፣ አለቅልቃ፣ መልሳ ትሰቅላታለች። ማንም ማንንም አላዘዘም፤ ሁለታችንም የየራሳችንን እናውቀው ነበር። የሠራችው ድስት ግን እኔው በሁለት እጄ ተቀብዬው፣ አቅፌው፣ እስከ ጓዳዬ ድረስ ይገባ ነበር። ጆጉን ምን ያህል ከፍ እንደማደርገው እጄ ዛሬም ሳይለካ ያውቀዋል።

ሦስተኛ፣ ጥናቱ ሲጠናቀቅ በሆቴል አዳራሽ ስላዘጋጃችሁት የግማሽ ቀን ዐውደ ጥናት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከፊት ወንበር አስቀመጣችሁኝ፣ ተጨበጨበልኝ፣ እርስዎም በገዛ እጅዎ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። «ለእኩልነትና ለመቻቻል ባህል ግንባታ ላበረከቱት አስተዋጽኦ» ይላል። ለእያንዳንዱ ሰው የታሸገ ውሃ በየፊቱ ተቀምጦለት ነበር፤ ብልኅ ዘዴ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ማን ማን በጠጣበት እንደማይጠጣ አይታይም። ምሳ የቀረበው በሸክላ ጣባ ነበር። ከአጠገቤ የተቀመጡ አንድ ተናጋሪ ጣባውን እያገላበጡ አይተው «ይህ ነው የኛ ሀብት» አሉ። ጣባዎቹን ያበጁት ሴቶች በአዳራሹ አልነበሩም። እኔም ይህን ያስተዋልኩት አሁን ነው፤ ያን ቀን በልቼ፣ ጠግቤ፣ የምስክር ወረቀቴን ፍሬም አስገብቼ ከአድነው ፎቶ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ።

አራተኛው ቅሬታ በእናንተ ላይ አይደለም። ቁጥሩ እንዳይዘለል ብዬ ግን እዚሁ አገባዋለሁ።

በ1998 ዓ.ም. ሊድያና ሩታ ሦስተኛ ክፍል አብረው ይማሩ ነበር። የሊድያ አፏ የተፈታው በአማርኛ ነው፤ ሩታ ከቤቷ የምታውቀው ወላይትኛ ብቻ ነበር። የአማርኛ መጽሐፉን ግን አጥርታ የምታነበው ሩታ ነበረች። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እደጃፌ ደረጃ ላይ ይቀመጡና ሩታ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ለልጄ ታነብላታለች፤ ሊድያ ስትሳሳት «አይደለም፣ እንደገና» ትላታለች። ደረጃው ከቤት ውጭ ነው፤ እስከዚያ ይፈቀድ ነበር። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ሽንኩርት እልጣለሁ። ማንበብ አልችልም ነበር፤ በአርባ ስድስት ዓመቴ። ሩታ አንድ መስመር ስታነብ እኔ ውስጥ በከንፈሬ እከተላለሁ፤ ማታ ሊድያ ስትተኛ መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥቼ የሰማሁትን ከፊደሉ ጋር አገጣጥማለሁ። እንዲህ እያልኩ እስከ ገጽ ሠላሳ ደረስኩ። ራሷን ያስተማረች ብላችሁ የጻፋችሁላት ሴት መምህሯ የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ነበረች። ይህንንም አልነገርኩትም፤ አልጠየቀኝምና።

በመጋቢት አንድ ቀን ሙቀት ነበር። ሩታ ብዙ ስላነበበች ጉሮሮዋ ደርቆ አሳላት፤ ሊድያ ሮጣ ገባችና በሰርጌ ጊዜ ከተሰጡኝ ባለ አበባ ብርጭቆዎች በአንዱ ውሃ ቀድታ ሰጠቻት። እቤት ውስጥ እንግዳ ሴቶች ነበሩ። አንዷ በመስኮቱ አየቻትና ወደ እኔ ዞራ ተመለከተችኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። ብርጭቆውን ከሕፃኗ እጅ ተቀበልኩ፤ ውሃው ገና አላለቀም ነበር። ከደረጃው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ሰበርኩት። አልጮህኩም። ሕፃኗንም አልተቆጣሁም። ተመልሼ ገብቼ ከእንግዶቼ ጋር ጨዋታውን ቀጠልኩ።

ልክ ያን ጊዜ ቦልቴ ያዘዝኳትን ድስት ይዛ የአጥሩ በር ላይ ቆማ እንደነበር ያወቅሁት ስብርባሪውን ስትለቅም ሳያት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጠራ ግቢዬ የገባችው ያን ቀን ነው። ጎንበስ ብላ ስባሪውን አንድ በአንድ በነጠላዋ ጫፍ ሰበሰበችና «ልጆቹን እንዳይወጋቸው» አለች፤ ልጄንም ጨምራ ነው። ድስቱን ደረጃው ላይ አስቀመጠች። ልጇን ይዛ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ በሬ ላይ «ሳሮ» ብላ አታውቅም። ሊድያ «እማዬ፣ ለምን ሰበርሽው?» ስትለኝ «ተሰንጥቆ ነበር» አልኳት። ሊድያ አሁን ሐዋሳ ናት፤ ዳግመኛ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ያመነችኝ ግን አይመስለኝም። ድስቱ ዛሬም አለ። እጇ የሠራውን ምድጃዬ ላይ ጥጄ፣ የልጇ ከንፈር የነካውን ድንጋይ ላይ ሰብሬ ሃያ ዓመት ኖርኩ።

እንግዳ ባይኖርብኝ አልሰብረውም ነበር እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬአለሁ። እውነቱ፣ ባልሰብረው ለብቻው አስቀምጠው ነበር። ለንስሐ አባቴ እንኳን አልተናገርኩትም፤ ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት ማማቴን ዘርዝሬ ብርጭቆው ጋ ስደርስ «ሌላ የለም» እላለሁ። ጣሳዋን ደግሞ ከሚስማሩ ላይ አላወረድኳትም። ማውረድ መናዘዝ መሰለኝ፤ መተውም እንዳልናዘዝኩ አስታወሰኝ፤ በዚህ መካከል ተንጠልጥላ ቀረች። ከገጽ ሠላሳ በኋላ ያለውን መጽሐፍ ለብቻዬ ጨረስኩት። የሚያስተምረኝ ሰው አልነበረምና።

አምስተኛ፣ ወደ ክፍላችሁ ልመለስ። በመስከረም መጨረሻ ቅዳሜ ቀን አንዲት ሴት በሬን አንኳኳች። ስከፍት ሩታ ናት። ሃያ ዓመት አልፎ እንኳን ለየኋት፤ ስታተኩር ዛሬም ቅንድቧን ሰብሰብ ታደርጋለች። በእጇ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ይዛ ነበር። «እትዬ፣ መረጃ ሰጪ ሰባት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። እንዴት አወቅሽ ብላት ቀና ብላ ሚስማሩን አሳየችኝ። «ስሙ ባይኖርም ጣሳዋን አውቃታለሁ» አለችኝ። ገብታ እንድትቀመጥ ለመንኳት፤ ገባች። ቆማ ግድግዳው ላይ ያለውን የምስክር ወረቀት አነበበችው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አላነበበችም፤ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ እኔ ከበሩ ጀርባ አደርገው እንደነበረው።

ኮሚቴያችሁ ሦስት መልስ እንደሰጣት ነገረችኝ። አንደኛው፣ በጉዳዩ ላይ ጥናት ተሠርቶ ልማዱ በከተማው እንደሌለ ስለተረጋገጠ የሚሞላ ክፍተት የለም። ሁለተኛው፣ እሷ ራሷ የማኅበረሰቡ አባል ስለሆነች ገለልተኛ ልትሆን አትችልም። ይህን ሳስብ ገረመኝ፤ ቤቴ ሁለት ቀን ተቀምጦ የሄደው ገለልተኛ ከሆነ፣ ዕድሜዋን በሙሉ ከበሬ ውጭ የቆመችው ከዚህ የበለጠ ወዴት ገለል ትበል? ሦስተኛው ደግሞ የቸርነት ምክር ነበር፤ «የሸክላ ሥራ ለቱሪዝም ልማት ያለው ሚና» የሚል ርዕስ ብትይዝ አማካሪ ቶሎ ይመደብልሻል ተብላለች። ድስቱን ማጥናት ይቻላል ማለት ነው። ለካስ ክፍላችሁና እኔ አንድ ዓይነት በር ነው ያለን።

ውሃ አመጣሁላት። በብርጭቆ። ተቀብላ ያዘችውና ትንሽ አየችው፤ ከዚያ «እትዬ፣ ከጠጣሁ በኋላ ይሰብሩታል?» አለችኝ። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። ፍሬዘር እንደሚጠይቀው ጠየቀችኝ፤ መልሱን ሊጽፍ እንደተዘጋጀ ሰው። ብርጭቆውን ሳትጠጣው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ቀስ አድርጋ፣ እንዳይሰበር ተጠንቅቃ። ስትወጣ «ከእርስዎ የምፈልገው ይቅርታ አይደለም፤ የዋሹትን እንዲያነሡልኝ ነው» አለችኝ።

ስድስተኛ፣ ይህንኑ ላደርግ በጥቅምት አጋማሽ ስመጣ ለሰጡኝ ሰባት ደቂቃ ከልብ አመሰግናለሁ። ወይዘሪት ወይንሸት በትሕትና እንዳስረዳችኝ የቅሬታ ፎርም የሚሞላው ተማሪ ብቻ ነው። «ታዲያ ልመዝገብ?» ብላት «እማማ፣ ዲግሪ አለዎት?» አለችኝ። «የሦስተኛ ክፍል አማርኛ መጽሐፍ እስከ ገጽ ሠላሳ ተምሬአለሁ» አልኳት። ሳቀች፤ እኔ የምሬን ነበር። እርስዎ ደግሞ ቆመው ተቀበሉኝ፣ ወንበርም ሰጡኝ። የተናገርኩት ሐሰት ነበርና ይታረም ስልዎት «እማማ፣ ዳታው ተዘግቷል» አሉኝ። ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሚስት ይህ አዲስ ነገር ነው። አድነው በሠራበት ቤት አንድ ምስክር በራሱ እግር መጥቶ ዋሽቼ ነበር ካለ መዝገብ ይከፈት ነበር፤ ምስክሩም ይቀጣ ነበር። እኔ ለቅጣቱ ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት፤ የሚቀጣኝ አጣሁ።

ቀጥለውም «መረጃ ሰጪ ሰባት ማን እንደሆነ እኛም ልናውቅ አይገባም፤ የምስጢር ግዴታ አለብን» አሉኝ። በዚያች ሰዓት ቦርሳዬ ውስጥ ሙሉ ስሜ የተጻፈበት፣ የእርስዎ ፊርማና የክፍሉ ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት ነበር። ላወጣው አፈርኩ። እርስዎን ላለማሳፈር ብዬ እንዳይመስልዎት፤ በላዩ የተጻፈውን ቃል በሰው ፊት ማየት ስላልቻልኩ ነው።

እንግዲህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኅዳር ሠላሳ ሳይደርስ ለሩታ ርዕሷ ይመለስላት። በፕሮፖዛሏ ላይ የመጀመሪያዋ መረጃ ሰጪ ብላ የጻፈችው እናቷን ነው። ቦልቴ ዓይኗ ሸክላ ስትተኩስ በኖረችበት ጭስ ደክሟል፤ ዘንድሮ ክረምት ከቤት አልወጣችም አሉ። የእሷ ቃል ለሚቀጥለው ዓመት በጀት አይጠብቅም። ቃሏ ሲወሰድ እኔ በውስጡ እንደምኖር አውቃለሁ፤ ጆጉ፣ ጣሳዋ፣ ድንጋዩ። ምን ብላ እንደምትጠራኝ አላውቅም። እህቴ ነበረች እንደማትል ግን እርግጠኛ ነኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔን የሚከስ ቃል እንድትቀበሉ የምለምናችሁ ከሳሼ ሳትሆን እኔው ራሴ ነኝ፤ ምናልባት ይህ በክፍላችሁ ታሪክ ያልተሞላ ክፍተት ሊሆን ይችላል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ለቢሮ ከመጻፍ ቦልቴ ዘንድ ሄደሽ እግሯ ላይ አትወድቂም ወይ ብትይኝ ልክ ነሽ። ሁለት ጊዜ ባጃጅ ተሳፍሬ ሰፈሯ መግቢያ ድረስ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ሳልወርድ ተመለስኩ። በሯ ላይ ቆሜ «ሳሮ» ስላት ውሃ በምን ይዛልኝ እንደምትወጣ ሳስብ ሾፌሩን መልሰኝ አልኩት። በጣሳ ብትሰጠኝ ይገባኛል። በብርጭቆ ብትሰጠኝ ነው የፈራሁት። ለእርስዎ መጻፍ የቀለለኝም ለዚህ ነው፤ እርስዎ ፊት ሳፍር የማፍረው በግማሽ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ እንደምወርድ አውቃለሁ አልልም፤ ስለማላውቀው ነገር ማረጋገጫ መስጠት ትቻለሁ።

የምስጢር ግዴታችሁን በተመለከተ፣ ከዛሬ ጀምሮ በእኔ በኩል ነፃ ናችሁ። ይህን ያህል ዘመን ስሜን የደበቀልኝ ሰው አላጣሁም፤ ከማንም በላይ የደበቀችልኝ ደግሞ ስባሪውን ለቅማ ዝም ያለችው ሴት ናት። እሷ ያደረገችልኝ ይበቃኛል።

በታላቅ አክብሮት፣ በማይገባኝ ወንበር ላይ ስላስቀመጣችሁኝ ከፍ ባለ ምስጋና፣ ለክፍላችሁ ዕድገትን፣ ለሳልዎ ፈውስን፣ ለኮሚቴያችሁም ከቢሮ ወጥቶ አንድ ሰዓት በእግር የሚሄድ ጉልበትን እየተመኘሁ፣

የትምወርቅ ገብረማርያም
የአቶ አድነው ባለቤት የነበርኩ፣ የሊድያ እናት፣
የሩታ ተማሪ እስከ ገጽ ሠላሳ፣
በናንተ ዘንድ መረጃ ሰጪ ሰባት
ሶዶ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

በድጋሚ፦ የምስክር ወረቀቱን ከነፍሬሙ፣ ጣሳዋንም ከነሚስማሯ ከዚህ ደብዳቤ ቅጂ ጋር ወደ ቢሯችሁ ልኬላችኋለሁ። ጣሳዋን በቤተ መጻሕፍታችሁ ከፍሬዘር ጽሑፍ አጠገብ ብታስቀምጡልኝ ለሚቀጥሉት ተማሪዎች ትጠቅማለች። ስትሰቅሏት ግን በቦታዋ ይሁን፤ እኔ በር ላይ የነበረችው በቆመ ሰው ደረት ትክክል ነው፤ ፎቶውም ይህንኑ ያሳያል። ሦስት ፈታኞች ያንን ፎቶ አይተው ሲያጸድቁ የትኛዋ ዶሮ እዚያ ድረስ ተንጠራርታ እንደምትጠጣ የጠየቀ አልነበረም። ፍሬዘርም ሁለት ቀን ግቢዬ ውስጥ ሲቀመጥ አንድ ዶሮ በአጠገቡ ሲያልፍ አላየም። ሊያይም አይችልም ነበር፤ እኔ በሕይወቴ ዶሮ አርብቼ አላውቅም።